ሳይቀመስ የሚሠራ ማዕድ፦ የገና ገበታ ዕቅድና አሠራር

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን የገናን በዓል የሚቀበሉት ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ተከልክለው ሳምንታት ካሳለፉ በኋላ በመሆኑ፣ የበዓሉ ማዕድ ከሠርግም ሆነ ከሌላ ድግስ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ምግቡ የሚበስለው ጾሙ ገና ሳይፈታ፣ በጾመኛ እጅ መሆኑ ነው። የዶሮ ወጡን የምትሠራው እናት ቅቤ የገባበትን ወጥ በማንኪያ ጨልፋ ጨው መብቃቱን ልታረጋግጥ አትችልም፤ ለጾም ያልደረሰ ሕፃን በቤቱ ካለ ያስቀምሱታል፣ ነገር ግን የሕፃን ምላስ ስለ በርበሬ መብሰልና ስለ መከለሻ ልክ ብዙ ሊመሰክር አይችልም። ስለዚህ የገና ወጥ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው የሚመራው በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በጆሮና በልኬት ሲሆን፣ ባለሙያ የሚያሰኘውም ይኸው ሳይቀምሱ የማወቅ ችሎታ ነው። ይህ ምዕራፍ ችሎታው በምን ላይ እንደተመሠረተ፣ ሥራው በየትኛው ቀን ቢጀመር እንደሚቃና፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው አሠራር ከምግብ ሳይንስ አንጻር ለምን ትክክል እንደ ሆነና በየት በየት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው በቅደም ተከተል ያብራራል።

የጾሙ ፍጻሜና የማዕዱ ሰዓት

ከገና በፊት ያለው ጾም ጾመ ነቢያት ይባላል፤ በልማድ የገና ጾምም ይሉታል። በአብዛኛው ዓመት ኅዳር 15 ቀን ይጀምርና ታኅሣሥ 28 ቀን ያበቃል፤ ሁለቱ ቀኖች ሲታሰቡ 44 ቀን ይሆናል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ ግን በዓሉ ታኅሣሥ 29 መሆኑ ቀርቶ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል፤ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም. ገና የተከበረው በዚሁ ቀን ነበር። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ቢውል እንኳ ሥጋ ይበላል እንጂ አይጾምም። የጊዜ ሰሌዳ ለማውጣት የሚነሣ ቤተሰብ ዓመቱን አስቀድሞ ካልለየ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ሊጎድልበት ስለሚችል፣ ዕቅዱ የሚጀምረው ከበዓላት ማስሊያው ከባሕረ ሐሳብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው የዕቅዱ መሠረት ሰዓት ነው። በበዓሉ ዋዜማ ምእመናኑ ሌሊቱን በማሕሌትና በቅዳሴ ስለሚያሳልፉ፣ ጾሙ የሚፈታው ቅዳሴው አልቆ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ብዙውን ጊዜ ገና ሳይነጋ ነው። በዚያ ሰዓት ምድጃ አቀጣጥሎ ሽንኩርት መክተፍ የማይታሰብ ስለ ሆነ፣ ቤተሰቡ በር ከፍቶ ሲገባ ወጡ በስሎ፣ እንጀራው በመሶብ ተቀምጦ፣ አይቡም ተዘጋጅቶ መገኘት አለበት። ከዚህም በላይ ወጥ ሠሪዋ ራሷ ማሕሌቱን ሳታጣ ከቤተሰቧ ጋር ቤተ ክርስቲያን እንድትሄድ ከተፈለገ፣ የምድጃው ሥራ በዋዜማው ከምሽቱ በፊት ማለቅ ይኖርበታል። ስለዚህ የገና ማዕድ ትክክለኛ ዕቅድ ጾሙ ከሚፈታበት ሰዓት ተነሥቶ ወደ ኋላ የሚቆጠር ነው፤ እያንዳንዱ ምግብና መጠጥ የራሱ የጊዜ ልክ ስላለው፣ ረጅሙን ጊዜ የሚፈልገው ቀድሞ ይጀመራል።

ወደ ኋላ የሚቆጠር የሥራ ሰሌዳ

ከሁሉ ቀድሞ የሚጀመረው መጠጡ ነው። ጠጅ የሚጣለው አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውኃ ተበጥብጦ ሲሆን፣ በማሩና በጌሾው ላይ ያሉት በዓይን የማይታዩ እርሾዎች ስኳሩን ወደ አልኮል ለመለወጥ ሳምንታት ይፈልጋሉ፤ ጌሾውም ምሬትና መዓዛ ይሰጠዋል። ለገና የሚጠጣ ጠጅ ኅዳር ሳያልቅ ቢጣል ይመረጣል። ጠላ ከዚህ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል፤ ጥንስሱ፣ ድፍድፉና ማጠንፈፉ በየተራ እየተከናወኑ ሁለት ሳምንት ገደማ ከተሰጠው ለበዓሉ ይደርሳል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቅቤ ማንጠር ነው። ጥሬ ቅቤ በአመዛኙ ስብ ቢሆንም በውስጡ ውኃና የወተት ደቃቅ ክፍሎች ይገኙበታል፤ ቶሎ እንዲበላሽ የሚያደርጉትም እነዚህ ናቸው። ቅቤው በለስላሳ እሳት ሲነጠር ውኃው በእንፋሎት ይወጣል፣ ዝቃጩም ታች ይቀራል፤ በዚያው ላይ የሚጨመሩት ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽና እርድ መዓዛቸውን ለስቡ ይሰጡታል፤ አብዛኛው የቅመም መዓዛ ከውኃ ይልቅ በስብ ውስጥ በቀላሉ የሚሟሟ በመሆኑ ነው። በደንብ የተነጠረ ቅቤ ተከድኖ በቀዝቃዛ ቦታ ለወራት ስለሚቀመጥ፣ ይህን ሥራ ለዋዜማው ማቆየት ምንም ጥቅም የለውም። የበዓል ሰሞን ገበያ እየተወደደ መሄዱም የታወቀ ነውና፣ ቅቤውንና ማሩን ከጾሙ አጋማሽ በፊት መግዛት ለኪስም ይበጃል።

እንጀራው ለታኅሣሥ 27 እንዲጋገር ከተፈለገ ሊጡ ታኅሣሥ 24 ወይም 25 ቀን ይቦካል። የጤፍ ሊጥ በእርሾ ተነሥቶ ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ይኮመጥጣል፤ ከዚያ ላዩ ላይ የጠለለው ውኃ ይደፋና ከሊጡ ጥቂቱ በፈላ ውኃ ተገንፍቶ አብሲት ይሆናል፤ አብሲቱ ሲመለስበት ሊጡ ኩፍ ይልና ለምጣድ ይደርሳል። በቀዝቃዛው የታኅሣሥ አየር እርሾው ስለሚዘገይ፣ ደጋ ላይ ያለ ቤት አንድ ቀን ጨምሮ መቁጠሩ ከስጋት ያድነዋል።

ሽንኩርት መላጥና መክተፍ ከሥራዎቹ ሁሉ አድካሚው በመሆኑ የራሱ ሰዓት ሊመደብለት ይገባል። በታኅሣሥ 27 ተከትፎ፣ በክዳን ታሽጎ በፍሪጅ ቢያድር ለወጡ አይጎዳም፤ ከመከተፉ በፊት የቀዘቀዘ ሽንኩርት ደግሞ ዓይን የሚያስለቅሰውን ጋዝ ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ለከታፊው እፎይታ ነው። ዶሮው በ27 ማታ ይታረዳል፤ የማታው መታረድ ለምን እንደሚመረጥ ወደ ኋላ ይብራራል። ታኅሣሥ 28 ለወጡ፣ ለአይቡና ለድፎ ዳቦው ብቻ ይተዋል።

ቁሌት፦ የወጡ መሠረት

ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት መጠቀም በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ለጀማሪ ይህ ከመጠን ያለፈ ይመስላል። ነገር ግን ከጥሬ ሽንኩርት ክብደት ከመቶ 89 እጅ ያህሉ ውኃ በመሆኑ፣ ከ2 ኪሎው ውስጥ ወደ 1,780 ግራም የሚጠጋው ከእሳቱ በላይ ሊተን የሚችል ነው። የዶሮ ወጥ በዱቄትም ሆነ በሽሮ አይወፍርም፤ የሚያወፍረው ይኸው ሽንኩርት ነው። በረጅም ጊዜ ሙቀት የሽንኩርቱን ሕዋሳት አጣብቆ የያዘው ፔክቲን የሚባለው ንጥረ ነገር ሲፈታ፣ ክትፋቱ ቅርጹን አጥቶ ወደ ለስላሳ ድልህ ይለወጣል። ሽንኩርቱ ደቆ ያልተከተፈ ወይም ቸኩሎ የተነሣ ወጥ ውኃውና ፍሬው ተለያይቶ የሚታየው ይህ መፈታት ስላልተፈጸመ ነው።

ቁሌት ማለት ሽንኩርቱን ቅባት ከመግባቱ በፊት በደረቁ፣ በወፍራም ድስት ላይ እያማሰሉ ማብሰል ነው። በሥራው ሂደት ሦስት ምዕራፎች ይታያሉ፤ ሦስቱም ሳይቀመሱ የሚታወቁ ናቸው። በመጀመሪያው ሽንኩርቱ የራሱን ውኃ ያወጣና በዚያው ውስጥ ይንተከተካል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ እንፋሎቱ ነጭና ብዙ ነው፣ ሽታውም ዓይን የሚቆጠቁጥ ጥሬ ሽታ ነው። በሁለተኛው ውኃው እያለቀ ይሄዳል፤ የመንተክተኩ ድምፅ ወደ መንጨርጨር ይለወጣል፣ ሽንኩርቱ ከድስቱ ሥር መያያዝ ይጀምራል፣ የሚቆጠቁጠው ሽታም ይጠፋና ጣፋጭ መዓዛ ይተካል። በሦስተኛው መልኩ ከቀይ ሐምራዊነት ወደ ቡናማ ወርቅ ይዞራል። የመልኩ ለውጥ ከውኃው ማለቅ በፊት የማይታየው በቂ ምክንያት ስላለው ነው፤ ድስቱ ውስጥ ነጻ ውኃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከውኃ መፍያ ነጥብ ብዙም ሊያልፍ አይችልም፣ ስኳርና ፕሮቲን ተዋሕደው ቡናማ መልክና የተጠበሰ መዓዛ የሚፈጥሩበት ሂደት ግን ከዚያ በላይ ባለ ሙቀት ይፋጠናል። ይህ ሂደት በ1912 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥናት በገለጸው በፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ በሉዊ ካሚይ ማያር ስም ይጠራል። በ100 ግራም ጥሬ ሽንኩርት ውስጥ 4 ግራም ያህል ስኳር ስለሚገኝ፣ ከ2 ኪሎ ሽንኩርት ወደ 80 ግራም ስኳር ይሰበሰባል፤ የዶሮ ወጥ ስኳር ሳይገባበት ከበርበሬው ማቃጠል በስተጀርባ የሚሰማው ጥፍጥና ምንጩ ይኸው ነው።

ይህ ደረቅ ቁሌት በመካከለኛ እሳት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ የሽንኩርቱ ብዛትና የድስቱ ስፋት ሊያስረዝሙት ይችላሉ። ሽንኩርቱ ከሥር ሲይዝ ጥቂት ሙቅ ውኃ ጠብ አድርጎ መፋቅ ተገቢ ነው፤ ከሥር የተያያዘው ቡናማ ሽፋን ሳይቃጠል ከተፋቀ ወደ ወጡ የሚገባ ጣዕም ነው፣ ከጠቆረ ግን ምሬቱ በኋላ በምንም አይመለስም።

ከዚህ ቀጥሎ ቅቤው ወይም ከፊሉ ዘይት ይገባና በርበሬው ይከተላል። ለተጠቀሰው መጠን ከ150 እስከ 200 ግራም በርበሬና ከ250 እስከ 300 ግራም ንጥር ቅቤ ይበቃል። የበርበሬው ቀይ ቀለምና ካፕሳይሲን የተባለው የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ሁለቱም በስብ እንጂ በውኃ የማይሟሙ ስለ ሆኑ፣ ቅባቱ ሳይኖር የሚገባ በርበሬ ቀለሙን አይለቅም። በሌላ በኩል ደረቅ በርበሬ በጋለ ቅባት ላይ በአጭር ጊዜ ያርራል። ባለሙያዎች ውኃ ጠብ እያደረጉ የሚያቁላሉት ሁለቱን ለማስታረቅ ነው፤ ጥቂቱ ውኃ ሙቀቱን ለአፍታ ዝቅ ያደርግና በርበሬው ሳይቃጠል ቀለሙን ለቅባቱ ይሰጣል፣ ውኃው ሲያልቅ ደግሞ ሙቀቱ ተመልሶ ይወጣል። ይህ መደጋገም ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቀጠለ በኋላ ጥሬ የበርበሬ ሽታ ይጠፋል፣ ቁሌቱ ይጠቁራል፣ በድስቱ ዳር ዳርም ቀይ ቅባት ተለይቶ ይወጣል። ቅባቱ ዳር መውጣቱ ውኃው በሚገባ ማለቁን የሚያመለክት በመሆኑ፣ ከምልክቶች ሁሉ የታመነው እርሱ ነው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በዚህ መሐል ይገባሉ። መከለሻው፣ ማለትም ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱና የተቀረው የተፈጨ ቅመም፣ ለመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ይቆያል፤ መዓዛቸው በእንፋሎት የሚበን ዘይት ስለ ሆነ፣ ቀድመው ቢገቡ ቤቱን እንጂ ወጡን አያውዱትም።

ዶሮው፦ ከቢላ እስከ ድስት

ዶሮ በታረደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሥጋው ይደርቃል፤ በጡንቻው ውስጥ ያለው ኃይል ሲያልቅ የጡንቻው ክሮች ተቆላልፈው ስለሚቀሩ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለ ድስት የገባ ሥጋ ጠንካራ ይሆናል፤ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ግን ቁልፉ ይፈታና ይለሰልሳል። ዶሮውን ከዋዜማው በፊት ባለው ማታ አርዶ፣ በየብልቱ ከፍሎና አጥቦ በቀዝቃዛ ቦታ ማሳደር በልማድ የተገኘ ትክክለኛ ዘዴ የሆነው ለዚህ ነው።

ላባው በሙቅ ውኃ ተነጭቶ፣ ቀሪው ጸጉር በእሳት ተለብልቦ፣ ቆዳው ከተገፈፈ በኋላ ዶሮው በ12 ብልት ይከፈላል። አበላለቱ መገጣጠሚያን ተከትሎ እንጂ አጥንት እየሰበረ አይደለም፤ የተሰበረ አጥንት ስንጣሪው ወጥ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ ብልት በማዕዱ ላይ የራሱ ባለቤት አለው፤ ፈረሰኛ የሚባለው ብልት በልማድ ለአባወራው ይቀርባል። ሥጋው ሲበስል ቁሌቱ ወደ ውስጥ እንዲዘልቅ በቢላ ጫፍ ይተለተላል።

እጥበቱ የተለየ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ሥጋው በሎሚና በጨው፣ ውኃው ጥርት እስኪል ደጋግሞ መታጠቡ ደሙንና ጠረኑን ያስወግዳል፤ ይህ ለዶሮ ወጥ ጥራት ቁም ነገር ነው። ሆኖም ሎሚ ሳልሞኔላና ካምፓይሎባክተር የተባሉትን በሽታ አምጪ ተሕዋስያን ሙሉ በሙሉ አይገድልም፤ በሚፈስ የቧንቧ ውኃ ሥር የሚታጠብ ጥሬ ዶሮ ደግሞ ፍንጣቂው በመታጠቢያው ዙሪያ ባለው ዕቃና ሳይበስል በሚበላ ምግብ ላይ ያርፋል። ልማዱን ከጤና ጋር የሚያስማማው መፍትሔ ሥጋውን በጎድጓዳ ሳፋ ውስጥ፣ ሳያንቦጫርቁ በዝግታ ማጠብ፣ ውኃውን በጥንቃቄ መድፋት፣ ከዚያም ሳፋውን፣ ቢላውን፣ መክተፊያውንና እጅን በሳሙና ማጠብ ነው። ተሕዋስያኑን የሚገድላቸው እሳቱ ነው፤ የሥጋው ውስጥ ሙቀት 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከደረሰ አደጋው ይወገዳል።

ዶሮው በቁሌቱ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ በዶሮው ዓይነት ይወሰናል። የሐበሻ ዶሮ ዕድሜው የገፋና ብዙ የሮጠ ስለ ሆነ በጡንቻዎቹ መካከል ኮላጅን የተባለ ጠንካራ ማያያዣ ይበዛበታል፤ ይህ ማያያዣ በእርጥብ ሙቀት ውስጥ ረጅም ጊዜ ሲቆይ ወደ ጄላቲን ይለወጥና ሥጋውን ያለሰልሳል፣ ወጡንም ያወፍራል። በሳምንታት ዕድሜ የሚታረደው የእርባታ ዶሮ ግን ኮላጅኑ ጥቂት በመሆኑ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ከአጥንቱ ይለያያል። ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በዚህ ሙቀት ኮላጅን የሚፈታው ቀስ ብሎ ስለ ሆነ፣ ደጋ ላይ የተሠራ የሐበሻ ዶሮ አንድ ሰዓት ተኩልና ከዚያም በላይ ሊፈልግ ይችላል። የእናቱን አሠራር ይዞ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚያበስል ልጅ ዶሮው የፈረሰበት፣ ውኃ በ100 ዲግሪ በሚፈላበት አገር የደጋውን ሰዓት ስለ ጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ጨውን ሳይቀምሱ መመጠን

ጾመኛ ወጥ ሠሪን ከሁሉ የሚያስጨንቃት ጨው ነው፤ በርበሬው ቢያንስ ወጡ ይበላል፣ ጨው ከበዛ ግን ሁሉም ይበላሻል። እዚህ ላይ ሚዛን ከማንኛውም ግምት ይሻላል። ባዶው ድስት አስቀድሞ ይመዘናል፤ ወጡ ሊያልቅ ሲል ድስቱ ከነወጡ ተመዝኖ የባዶው ክብደት ይቀነሳል። ለአብዛኛው ሰው ምላስ የሚስማማው የጨው መጠን ከምግቡ ክብደት ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው፤ ስለዚህ 3 ኪሎ ለሚመዝን ወጥ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው መነሻ ይሆናል። ከዚህ ላይ አንድ ነገር መቀነስ አለበት፤ በርበሬ ሲዘጋጅ በብዙ ቤት ጨው አብሮት ስለሚፈጭ፣ በበርበሬው ውስጥ ያለው ጨው ካልታሰበ ወጡ ጨው ይበዛበታል። ይህን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ያንኑ በርበሬ በጾሙ ወራት በተሠራ የምስር ወይም የሽሮ ወጥ መፈተን ነው፤ የጾም ወጥ መቅመስ ስለሚቻል፣ ጾሙ ለበዓሉ በርበሬ መፈተኛ ይሆናል። ከተጠራጠሩ ማሳነስ ይሻላል፤ የጎደለ ጨው በማዕድ ላይ ይጨመራል።

አጃቢዎቹ

የእንቁላሉ ቁጥር እንደ ብልቱ 12 ማድረግ የተለመደ ሲሆን፣ በደጋ አገር ከፈላ በኋላ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይቀቀላል። ትኩስ እንቁላል ቅርፊቱ አልላቀቅ ይላል፤ ቀናት የቆየ እንቁላል ግን በቅርፊቱ ቀዳዳዎች ጋዝ እየወጣ ነጩ አሲዳማነቱ ስለሚቀንስ በቀላሉ ይላጣል። በመጨረሻዎቹ የጾም ቀናት ዶሮዎቹ የጣሉት እንቁላል ሳይበላ ተጠራቅሞ መቆየቱ ለዚህ ያመቻል። ከመጠን በላይ የተቀቀለ እንቁላል በአስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ቀለበት ያወጣል፤ ጉዳት ባይኖረውም መልኩን ያበላሻል። የተላጠው እንቁላል ጎን ጎኑ በቢላ ተሰንጥቆ ወጡ ሊወርድ ሲል ይገባል።

አይብ የሚሠራው ቅቤው ከወጣለት አሬራ ነው፤ በለስላሳ እሳት፣ ሳይማሰል ሲሞቅ ነጩ ይረጋና ከአጓቱ ይለያል፣ ከዚያ ይጠለላል። በማዕዱ ላይ ያለው ቦታ ለጌጥ አይደለም፤ ኬዚን የተባለው የወተት ፕሮቲን ካፕሳይሲንን ከምላስ ላይ ስለሚያነሣ፣ ውኃ የማያስታግሰውን የበርበሬ ማቃጠል አይቡ ያስታግሳል። ድፎ ዳቦው በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ ከላይና ከታች እሳት ይደረግበታል፤ ቅጠሉ እርጥበቱን ስለሚጠብቅ ቅርፊቱ ሳያርር ውስጡ ይበስላል። ድፎው ከቡናው ጋር በቀን ስለሚቆረስ በዋዜማው ተጋግሮ ማደሩ አይጎዳውም።

የቅርጫ ሥጋ፣ ማለትም ጎረቤቶች በሬ ገዝተው በመደብ የሚካፈሉት ሥጋ፣ ከሌሊቱ ማዕድ ሰሌዳ ውጭ ቢሆን ይሻላል። ጥብስ በደቂቃዎች የሚደርስ ምግብ በመሆኑ ለበዓሉ ቀን ምሳ ተስማሚ ነው። ጥሬ ሥጋና ልብ ልብ ክትፎ የኮሶ ትል ሊያስተላልፉ ስለሚችሉ፣ በተለይ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን በሚገባ የበሰለ ብቻ ሊቀርብላቸው ይገባል።

ሌሊቱን የሚያድረው ድስትና የጾሙ መፈታት

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ የወረደ ወጥ የሚከፈተው ከሰዓታት በኋላ በሌሊት ነው። በዚህ መካከል ለብ ብሎ የሚቆይ ትልቅ ድስት የማይታይ አደጋ አለበት፤ አንዳንድ ተሕዋስያን መፍላትን የሚቋቋም ዘር ስላላቸው፣ ወጡ ከ60 ዲግሪ በታች ወርዶ ለረጅም ሰዓት ሲቆይ ዘሩ ነቅቶ ይራባል። ከሁለት መንገዶች አንዱ መመረጥ አለበት፤ ወይ ድስቱ ቤት በሚጠብቅ ሰው እየታየ፣ በጣም በለሰለሰ እሳት ትኩስ እንደ ሆነ መቆየት፣ ወይም ወጡ በሰፋፊ ሳሕኖች ተከፋፍሎ ቶሎ እንዲቀዘቅዝና ፍሪጅ እንዲገባ ተደርጎ፣ ከቅዳሴ መልስ እስኪፈላ መሞቅ ነው። ቤቱ ሰው የማይቀርበት ከሆነ ሁለተኛው ከእሳት አደጋም ይጠብቃል። ያደረ ወጥ ጣዕሙ የሚጎላ መሆኑም በብዙዎች ይመሰከራል።

44 ቀን ከእንስሳት ተዋጽኦ የተለየ ሆድ በአንድ ጊዜ ብዙ ቅባት ሲያገኝ መጨነቁ አይቀርም። ስብ ወደ አንጀት ሲገባ የሐሞት ከረጢት ተኮማትሮ ሐሞት ይለቃል፤ የሐሞት ጠጠር ላለበት ሰው ይህ ብርቱ ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል። በአንዳንድ ቤት ጾም ሲፈታ ተልባ ቀድሞ መጠጣቱ፣ ከዚያም በጥቂት ወጥና በአይብ መጀመሩ ያስመሰግናል። ሌሊት ላይ አንድ ብልትና ግማሽ እንቁላል በልቶ፣ ዋናውን ማዕድ ለቀኑ ማቆየት ሆድንም ያሳርፋል፣ በቀን የሚመጣ እንግዳም ሙሉ ገበታ ያገኛል።

የሥራው ክፍፍልና የሚቀረው ዕውቀት

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ሥራ በብዙ ቤት በአንዲት እናት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ሰሌዳ ከሌለ ሁሉም ሥራ ታኅሣሥ 28 ላይ ይከማችና፣ ቤተሰቡ ለማሕሌት ሲወጣ እርሷ ከምድጃው ሥር ትቀራለች፤ ማዕዱ ሲቀርብም ለመብላት አቅም ታጣለች። ይህ የበዓሉ ግዴታ አይደለም። ሽንኩርት መላጥ፣ ዶሮ ማጠብ፣ ቁሌት ማማሰል፣ እንቁላል መቀቀል ማንም አዋቂ የቤተሰብ አባል ሊማራቸው የሚችሉ ሥራዎች ሲሆኑ፣ የእርሷን ልምድ የሚጠይቀው የቁሌቱን መድረስ መፍረድ፣ ጨውን መመጠንና መከለሻውን መጨመር ብቻ ነው። ሰሌዳው ተጽፎ በማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍና በየሥራው አንጻር የሚሠራው ሰው ስም ቢሰፍር፣ እናትየዋም እንደ ሌላው ሁሉ በዓሉን ታከብራለች።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ይህ የበለጠ አስፈላጊ ነው። ታኅሣሥ 29 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ስለ ሆነና በብዙ አገር የሥራ ቀን በመሆኑ፣ ሁለት ቀን በተከታታይ ምድጃ ሥር መዋል አይቻልም፤ ቁሌቱን በቀደመው ቅዳሜና እሑድ አብስሎ በማቀዝቀዣ ማስቀመጥና በዋዜማው ዶሮውን ብቻ መጨመር የተሻለው አማራጭ ነው። ቁሌት ቢቀዘቅዝና ዳግመኛ ቢሞቅ ጥራቱ ብዙ አይጎድልም።

የማዕዱ የመጨረሻ ሥራ ከበዓሉ በኋላ የሚሠራው ነው። ወጡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀመሰው ጾሙ በተፈታበት ሰዓት ስለ ሆነ፣ ልኬቱ ትክክል መሆን አለመሆኑ የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው፤ ስንት ግራም ጨው እንደ ገባ፣ በርበሬው ከየት እንደ መጣና ጨው እንደ ነበረው፣ ቁሌቱ ስንት ደቂቃ እንደ ወሰደና ወጡ ጨው አንሶት ወይም በዝቶበት እንደ ሆነ በዚያው ሳምንት በደብተር ቢመዘገብ፣ የሚመጣው ዓመት ወጥ ሠሪ ከግምት ሳይሆን ከማስረጃ ትነሣለች። የባለሙያ እናቶች ዕውቀት በእጃቸውና በዓይናቸው ውስጥ ያለ ሀብት ሲሆን፣ ልጆቻቸው ሊወርሱት የሚችሉት አብረው ሲሠሩና ሲመዘግቡት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለዘንድሮው ገና ሚዛን፣ ደብተርና ከእናቱ ጎን የሚቆም አንድ ወጣት ቢያዘጋጅ፣ ለማዕዱ ከሚገዛው ሁሉ የሚበልጥ ዋጋ ያገኝበታል።